የደሳለው እሳት

ደሳለው በሚጢጢዋ የቆርቆሮ አይሱዙ ላይ የሣለውን እሳት እንደገና በቤንዚን ጠረገው። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ከተወ ሰንብቷል። ነበልባሉ ከፊት መብራቷ ሥር ተነሥቶ በሩ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንደ ልቡ ነበር የመጣለት። ቢጫው ከቀዩ ተስማምቶ፣ ጫፉ ቀጥኖ፣ እጁን አንሥቶ እፎይ ሊል ሲል ከማዶ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ተነሣ። መፈልፈያው ሲነሣ እብቁም አብሮ ይነሣል። ያ እብቅ ደግሞ በወረታ ከተማ ስንት ጣራ፣ ስንት አጥር፣ ስንት የተሰጣ ልብስ እያለለት፣ እርጥብ ቀለም ያለበትን ቤት እያነፈነፈ የሚመጣ ይመስላል።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለው ደሳለው እብቁን። እብቅ አይመልስም። ነበልባሉ ላይ ተለጥፎ ቁጭ አለ።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ሚስቱ ፀገነት የምትሠራው እዚያው መፈልፈያ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሩዝ ስታበጥርና ስትለቅም ውላ ስትመለስ ሻሿ፣ ሹራቧ፣ ቅንድቧ ሳይቀር እብቅ ለብሶ ነው የምትገባው። «ግማሹን መፈልፈያው ይልክልኛል፤ ግማሹን አንቺ ተሸክመሽ ታመጭልኛለሽ» ይላታል። እሷም፣ «የምትበላውንም የማመጣው ከዚያው ነው» ትለዋለች፤ እሱም ወደ ብሩሹ ይመለሳል።

መኪናዋ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጣ የተሠራች ናት። ጎማዎቿ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቀረጹ ናቸው። መብራቶቿ የተጣሉ የባትሪ አምፑሎች ናቸው፤ የጭነት መጫኛ ስፖንዳዋም እንደ እውነተኛው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ያያት ሁሉ ይጓጓላታል። ግን የታዘዘችው ለስፖንዳዋ አይደለም፤ ለነበልባሏ ነው። ነበልባሉ ደግሞ እምቢ ብሏል።

ደሳለው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ሊሆን ነበር። ልጅ ሳለ ከጣራ ገዳም ግርጌ ከሚኖሩት ከመሪጌታ ይሄይስ ዘንድ ገብቶ ቀለም መበጥበጥ፣ ሸራ መወጠር፣ የፍየል ጠጉር ከመቃ ጫፍ አስሮ ብሩሽ መሥራት ተማረ። የመሪጌታ ሕግ ጥብቅ ነበር። ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኑ ይሣላል። ከሓዲ፣ ሐሰተኛና ሰይጣን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ይህንን በፎገራ ሜዳ ያደገና አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ባያስተምረውም ያውቀዋል። ደሳለው አንድ ጊዜ ችኮላ ይዞት አንዱን ሰይጣን በሁለት ዐይን ሣለው። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ «ይኼን ደግሞ ማን ይቅር አለው?» አሉት። ያን ቀን የሣቁ ተማሪዎች ዛሬም ሲያገኙት ይቺኑ ያነሡበታል።

ከሥዕሉ ሁሉ ግን ልቡ የቀረው እሳቱ ላይ ነው። ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን የእቶን እሳት መሪጌታ ሲሥሉ፣ ቀዩን ከሥር፣ ብርቱካኑን ከመካከል፣ ቢጫውን ከጫፍ እያደረጉ እንደ ቅጠል ሲያስነሡት፣ ደሳለው ከአጠገባቸው ተቀምጦ ምራቁን ይውጥ ነበር። እያደር እሱም ቻለበት። ገና እንደቻለበት ታዲያ፣ በማሽን የታተመ ሥዕል ከከተማ እየተጠቀለለ መምጣት ጀመረ። ደብሩ ሁሉ እሱን መስቀል ያዘ፤ የእጅ ሥራ የሚያሠራ ጠፋ። ደሳለው ትዳር ነበረውና ወረታ ወርዶ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ። «ሩዝ አለ»፣ «ዱቤ ዛሬ የለም»፣ «አይዞሽ እናቴ» እያለ ኖረ።

ክንዴ እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው። ክንዴ የይፋግ ልጅ ነው፤ አቶ ገበያው የሚባሉ የጎንደር ነጋዴን አይሱዙ ይነዳል። አንድ ቀን ስልኩን ከፍቶ የፈረንጅ መኪና አሳየው፤ ከፊቷ እስከ በሯ እሳት ተሥሎባታል። «እንዲህ አድርገህ ሣልልኝ» አለው። ደሳለው አየና ልቡ ዘለለች። የፈረንጁ እሳት ወደ ኋላ ይሮጣል እንጂ ነፍስ የለውም። የመሪጌታ እሳት ነፍስ አለው፤ ወደ ላይ ቆሟል እንጂ አይሮጥም። ሁለቱን አጋባቸው። ያቺ ነጭ አይሱዙ እሳቷን ለብሳ ከአጥሩ የወጣች ዕለት መነኻሪያው ሥራ ፈታ። ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን መንገድ ዳር ያለ ልጅ ሁሉ «እሳቷ መጣች!» እያለ ይሮጥላት ጀመር። ሾፌሮች ተራ ያዙ። ጋሼ ያየህ የሚባሉት፣ በመስመሩ ላይ ያረጁት ሾፌር ሳይቀሩ «ከክረምት በኋላ የእኔንም ትሥልልኛለህ» ብለው ቃል ገቡለት። ደሳለው በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎት አያውቅም።

ደስታው ክረምቱን አላለፈም። ክንዴ ከደብረ ታቦር ድንች ጭኖ፣ ከዓለም በር ወዲህ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናዋ በእሳት ተያያዘች። ሰው አልተጎዳም፤ ክንዴና ረዳቱ ዘለው ወረዱ። መኪናዋ ግን ከነድንቿ ነደደች። የአካባቢው ሰው ውኃ ቢያመላልስ፣ አፈር ቢበትን አልጠፋ ሲለው ድንቹን እየለቀመ በላ፤ «እሳት ካየው ምን ለየው» እያለ።

አመዱ ሳይበርድ ወሬው ወረታ ደረሰ። እሳት ሥለውባት እሳት በላት! ደሳለው ነው ያመጣባት! የቤተ ክርስቲያኑን እሳት በአይሱዙ ላይ አድርጎ! ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ የደሳለው ወሬ ግን በአይሱዙ ተጭኖ እስከ ጎንደር ሄደ። ተራ የያዙት ሾፌሮች አንድ በአንድ ቀሩ። አንዱ ባለ ባጃጅ፣ ድሮ የሣለለትን ፀሐይ እንኳ ሊያስጠፋው መጣ፤ «እሷም ትሞቃለች» አለ። ጥብስ ቤት የሚከፍት ሰው ማስታወቂያ ሊያሠራ መጥቶ፣ «ሥጋውን አንተ ሣልልኝ፤ እሳቱን ሌላ ሰው ይሥለዋል» አለው። ደሳለው ይህን ሲሰማ መሣቅም መሳደብም አማረው፤ ሁለቱንም ተወና ሥጋውን ሣለ።

ትንንሽ መኪናዎቹን መሥራት የጀመረው ያኔ ነው። እጁ ሥራ ሲፈታ በሽታ ይሆንበታል። ከአዲስ አበባና ከሌላም ቦታ ተዛውረው የመጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ለመደርደሪያቸው ይወስዱለታል፤ «ድንቅ ነህ!» ይሉታል፤ ፎቶ ያነሡታል። እሱ ግን መደርደሪያ ላይ ለምትቀመጥ መኪና ልቡ አይሞላም። እሳት የሚያምረው ሲሮጥ ነው። አንዲት፣ አንዲት ብቻ ትሁን፣ የእሱን እሳት ለብሳ በዚያ አስፋልት ላይ የምትሄድ መኪና ብትኖር ስሙ ይመለሳል ብሎ ያስባል። ይህን እያሰበ ይነጋል፣ ይመሻል፤ የሚያሠራው ግን የለም።

እንግዲህ እንዲህ ባለበት ነው ክንዴ የመጣው። አማከለች የምትባለው ሴት መነኻሪያው በር ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ሾፌር ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ደሳለውም እዚያው ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር። ክንዴ ገባና ሳይቀመጥ፣ «ያቺን መኪና በትንሹ ሥራልኝ» አለው። አሁንም የሚነዳው የአቶ ገበያውን ሌላ መኪና ነው፤ ነጭ፣ ምንም ያልተሣለባት።

«የትኛዋን?»

«ያቺን ነዋ። እንደነበረች፣ ከነእሳቷ። ከመሪዬ ፊት ላስቀምጣት ነው።»

ሾፌሮቹ ዞረው አዩት። ደሳለው መጀመሪያ የመጣበት ሐሳብ «ሊያፌዝብኝ ነው» የሚል ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ታየው። መኪናው የተቃጠለበት ሰው ራሱ ያንን እሳት ከፊቱ አድርጎ በየመንገዱ ከሄደ፣ ሌላው ሾፌር ምን ሊል ነው? ክንዴ ካልፈራው ማን ይፈራዋል? እውነተኛ መኪና ባትሆንም በእውነተኛ መኪና ውስጥ ትሄዳለች። «እሺ» አለና ሻዩን ጨለጠ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ይኼ ሁሉ መከራ። እብቁ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነበር። አንድ ቀን መፈልፈያው አርፎ፣ ነበልባሉ ንጹሕ ሆኖ ደርቆለት፣ መኪናዋን መስኮት ላይ አቁሞ ፀገነትን ጠራት።

ፀገነት አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። «ምን ልበልህ፣ ደሴ... ይቺ መኪና እየሄደች አይደለም እኮ። እየነደደች ነው።»

«ደሞ አንቺ!» ብሎ ጮኸባት። የጮኸው እውነት ስለሆነ ነው። በትልቋ መኪና ላይ ሲሮጥ የነበረው እሳት በትንሿ ላይ ቆሞ ይነድዳል። ቢያሳጥረው ያው ነው፤ ቢያስረዝመው ያው ነው። ከፍየል ጠጉር ሦስት ዘለላ ብቻ አስሮ ሞከረ። ጫፉን አጋደመ። ቢጫውን ቀነሰ። ሁልጊዜ ያው ከቁልቁለቱ ላይ የነደደችው መኪና ቁጭ ትልለታለች። የገዛ እጁ ለወሬኞቹ ወግኖ የመሰከረበት መሰለው፤ መኪናዋን ከግድግዳው ጋር ሊያጋጫት እጁን ሲያነሣ ፀገነት ቀማችው።

ሲጨንቀው ወደ መሪጌታ ይሄይስ ሄደ። አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኛቸው። ከቅባት ቀለም ይልቅ አሁን የሚይዙት መቁጠሪያ ነው።

«እንዴት ሰነበቱ፣ መሪጌታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተን ደግሞ እሳት ለኳሽ ሆነ አሉኝ።»

«እርስዎም ሰሙት?»

«ልጄ፣ እዚህ ተራራ ሥር ምን የማይሰማ አለ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ደሳለው መኪናዋን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ሰጣቸው። ገለበጡዋት፤ ስፖንዳዋን ከፍተው ዘጉ፤ ደስ አላቸው መሰል ደግመው ከፍተው ዘጉ። ከዚያ ነበልባሉን አዩ። «እሳቱስ የእኔ እሳት ነው። ምነው ታዲያ ወደ ኋላ ያዘነብላል?»

«መኪናዋ ስለምትሮጥ ነው፣ መሪጌታ። ግን አልሮጥ አለችኝ። ያየ ሁሉ ተቃጠለች ነው የሚል።»

መሪጌታ መኪናዋን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «በእቶኑ ሥዕል ላይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሳቱን ነው?»

«አይ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ነው።»

«ለምን ይመስልሃል?»

«ቆመው ስለሚያዩን ነዋ።»

«በል እንግዲያ። ባዶ ቤት የገባ እሳት ቃጠሎ ነው። መካከሉ ሰው ተቀምጦ ካልፈራው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። መኪናህ ውስጥ ማን አለ?»

ደሳለው መስኮቱን አየ። ጥቁር ቀብቶታል። «ማንም የለ» አለ።

«ሾፌር የሌላት መኪና ቆማ ነው የምትነድ በለኝ እንግዲህ!» ብለው ሣቁ።

እየተናደደ ወደ ወረታ ተመለሰ፤ የተናደደው በራሱ ነው። እንዲህ ያለች ቀላል ነገር ሳትታየው ይህን ሁሉ ቤንዚን ጨረሰ! ቀጭን ቆርቆሮ ቆርጦ በጋቢናው መስኮት ከተተና መሪ የጨበጠ ሰው ሣለበት። ክንዴን ነው የሣለው፤ ሰማያዊ ሹራቡን፣ ከትከሻው የማይለየውን ፎጣ። ፊቱን ግን ለመጨረሻ ተወው፤ የመሪጌታ ተማሪ ፊት የሚሥለው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በማግሥቱ መብራት ጠፋ። ወረታ ሁሉ ሲያማርር ደሳለው ብቻ ተደሰተ፤ መፈልፈያው ተኝቷላ! ከጠዋት ጀምሮ ተደፍቶ ነበልባሉን ሠራ። ሰው ከተቀመጠባት በኋላ እሳቱም ገባው መሰል፣ ከፊት ተነሥቶ በሾፌሩ ግራና ቀኝ እያለፈ ሮጠ። ፀገነት መብራት ቢጠፋም በእጇ ስትለቅም ውላ ስትመለስ አየቻትና ከመስኮቱ ላይ አንሥታ ከአቧራ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከእሷ ይህ ብዙ ነው።

ክንዴ ለማየት የመጣው የሾፌሩ ፊት ብቻ ሲቀር ነው። አጎንብሶ አያት። ዐይኑ ነበልባሉ ላይ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ቀና አለና ወደ በሩ ዞረ።

«ምነው፣ አልወደድሃትም?» አለው ደሳለው።

«ደሳለው፣ ያንተ እሳት አይደለም እኮ።»

«ምኑ?»

«ያቃጠላት። እኔ ነኝ። ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ያን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ ነው የወረድሁት፤ በፍሬን ብቻ። ፍሬኑ ጋለ። ሸተተኝ። ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ሜዳው ደረሰ ብዬ ገፋሁ። ከዚያ ከኋላ ጎማው ተነሣ።»

ደሳለው የያዘውን ብሩሽ አስቀመጠ። «ታዲያ የእኔን እሳት ማን አመጣው?»

«አቶ ገበያው ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ‹ያሣልንባት እሳት አልቀናንም› አልኋቸው። ለእሳቸው ብቻ ነው ያልሁት።»

«ለእሳቸው ብቻ!»

ደሳለው ከመቀመጫው ተነሣ። ይህን ሁሉ ጊዜ እውነት ይሆን እንዴ እያለ፣ የመሪጌታን እሳት ከመኪና ላይ በማድረጌ ተቀሥፌ ይሆን እያለ፣ ለማንም ሳይናገር ሲጸልይ ከርሟል። ፀገነትም አታውቅም። «ነገ አማከለች ቤት፣ ሾፌሮቹ ባሉበት ተናገረው» አለው።

«አልችልም። አቶ ገበያው ከሰሙ መኪናውን ይነጥቁኛል። የእናቴን ቤት የማኖረው እኔ ነኝ።»

«እኔስ?»

«ላንተማ ብዬ ነው ይቺን ያሠራሁህ! ከፊቴ አድርጌያት ስሄድ ሰው ያያል፤ እሳቱን እንዳልፈራሁት...»

«ሰው ያያል! ክንዴ እንዴት ያለ ልበ ሰፊ ነው፣ ያቃጠለውን ይቅር አለው ይላል! አንተ በዳይ፣ አንተ ይቅር ባይ፤ ምን ቀረህ? ውጣልኝ!» ክንዴ ወጣ። ደሳለው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ባልዲ ሲራገጥ፣ የጎረቤትን ውሻ ሲሳደብ ዋለ።

አመሻሹ ላይ ፀገነት ነገሩን ሰምታ፣ «ፊቱን ሣልለትና ይውሰድልህ፤ ገላግለን» አለችው። ተቀመጠ። አፍንጫውን ወደ ጎን አወጣው። ከንፈሩን፣ አገጩን ወደ ጎን። ከዚያ አንድ ትልቅ ዐይን ሣለ፤ አንድ ብቻ።

ፀገነት ስታየው አማተበች። «ኧረ ደሳለው! በሕይወት ያለ ሰው እኮ ነው!»

«ሰይጣን አላደረግሁትም። ቀንድ የለውም።»

«ዐይኑስ?»

«ዐይኑን እሱ ያውቃል።»

ክንዴ ሊወስዳት ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እሳቱን አልነበረም። መሪጌታ እንዳሉት ነው፤ ሰው ሰውን ነው የሚያይ። ቆሞ ቀረ። ያደገው ይፋግ ነው፤ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው አላስፈለገውም።

«ሌላው ዐይኔስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ዘንድ የለም። አንተው ዘንድ ነው።»

ክንዴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ለደሳለው ይቀለው ነበር። መኪናዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የባሱ ነበሩ። ንዴቱ ሲበርድ ደሳለው ያደረገው ነገር ገባው። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጠውን እሳት ማንም በማያይበት ቦታ አስቀበረው። ክንዴ ያንን ፊት ከመሪው ፊት አድርጎ ይሄዳል? እብድ ካልሆነ! አንድ ዐይን መጨመር አቅቶት፣ በገዛ እጁ መንገዱን ዘጋ። ፀገነት ይህን አላለችውም፤ ግን ሩዝ ስትለቅም እንደምታስበው ያውቃል፤ እንደምታስበው በማወቁም ተናደደባት።

በገበያ ቀን አማከለች ቤት ሾፌር ሞልቷል። ጋሼ ያየህም አሉ፤ ደሳለው ዳር ላይ ተቀምጧል። ክንዴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ፈታውና መኪናዋን ከሻይ ብርጭቆዎቹ መካከል ጠረጴዛው ላይ አኖራት። አንገት ሁሉ ተሰገገ።

«ከእናቴ ቤት አስቀምጫት ነበር» አለ ክንዴ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «እናቴ ገና ስታያት እሳቱን አላየችም። ‹ይኼ ሰው ምን አድርጎ ነው?› አለችኝ። በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በላሁ፣ አልበላሁ፣ ‹አልነገርኸኝም እኮ፣ ምን አድርጎ ነው?› ነው። እንግዲህ ስሙኝ። ደሳለው ምንም አላደረገም። ፍሬኑን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። በዜሮ ማርሽ ስወርድ ነው።»

ደሳለው ቀና አለ። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሙ ሰምቷታል! አሁን ሾፌሮቹ ይነሣሉ፤ አሁን «ወይ ደሳለው፣ በደልንህ» ይላሉ።

ጋሼ ያየህ ሻያቸውን እፍ አሉ። «እሱንማ እናውቃለን» አሉ።

«ምን?» አለ ክንዴ።

«ፍሬን ነው። ያን ቁልቁለት የማያውቅ ሾፌር አለ እንዴ? እኔ ከኋላህ ነበርሁ፤ ሽታው ጉሮሮዬን ዘግቶኝ ነው የወረድሁት።»

«እኔ እንኳ ሻይ የምሸጠው አውቃለሁ» አለች አማከለች ብርጭቆ እያጠበች። «የዚያን ዕለት ጫማህ ሁሉ ፍሬን ፍሬን ይሸት ነበር።»

«አቶ ገበያውስ?»

«ገበያው ከእኔ ጋር ነው ሹፌርነት የጀመረ» አሉ ጋሼ ያየህ። «አያውቅም ብለህ ነው? ሌላ መኪና የሰጠህ ከእንግዲህ አይለምደውም ብሎ ነው።»

ክንዴ የሚቀመጥበት አጥቶ ቆመ። ደሳለው ግን ተነሣ። «ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ!»

«ማን ጠየቀን?» አለ አንዱ።

ደሳለው ሰውየውን ትቶ ወደ ጋሼ ያየህ ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ ጋሼ፣ ያለፈው አልፏል። ቃል ገብተውልኝ ነበር። ለመኪናዎ እሳት ልሣልልዎት?»

ጋሼ ያየህ ሚጢጢዋን መኪና አንሥተው በብርሃን በኩል አዩዋት። ነበልባሉን በጣታቸው ጫፍ እየተከተሉ እስከ ስፖንዳው ሄዱ። «ቆንጆ ናት» አሉ ከልባቸው። «እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።»

«እሺ?»

«ቢሆንም...»

«ቢሆንም ምን?»

«ቢሆንም ነዋ፣ ልጄ» አሉና መኪናዋን ቀስ አድርገው አስቀመጧት። ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ደሳለው ይህን «ቢሆንም» ምን ያድርገው? ውሸት ቢሆን እውነት ይመልሰዋል። ስድብ ቢሆን ዱላ አለ። «ቢሆንም» ግን እጀታ የለውም፣ ከየት ይያዛል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት አባቶቻችን ልክ ናቸው፤ ከጠራ በኋላ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ሳይነግሩን ነው የሄዱት።

ክንዴ መኪናዋን ወደ እሱ ገፋ አደረጋት። «ዐይኔን» አለ።

እውነቱን ተናግሯልና ዐይኑ ተገብቶታል። ደሳለው ከቦርሳው ብሩሹንና ቀለሙን አወጣ። በጎን የተሣለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዐይን መጨመር አይቻልም፤ ፊቱን በሙሉ በቤንዚን ጠርጎ እንደ አዲስ፣ ፊት ለፊት ሣለው። ሁለቱን ዐይኖች አደረገለት።  ከመፈልፈያው በኩል ነፋስ መጣና አንዲት እብቅ የሥዕሉ እርጥብ ጉንጭ ላይ አረፈች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ ተዋት። ክንዴ መኪናዋን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ሳይጠቀልላት፣ ሁሉም እያያት ወደ መኪናው ወሰዳትና ከመሪው ፊት አስቀመጣት።

የደሳለው ብሩሽ ገና እርጥብ ነበር። ወደ ሾፌሮቹ ዞሮ፣ «ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ቀጥሎ ተረኛው ማን ነው?» አለ።

ሁሉም ሻዩን አንሥቶ፣ ከውጭ ሰው የጠራው ይመስል ወደ መንገዱ ዞረ። ደሳለው ከቆመበት ሆኖ አያቸው። ከእያንዳንዳቸው የሚታየው አንድ ዐይን ብቻ ነበር።